ማርሹን ማን ቀየረው?

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል መውረድ ከጀመርን ብዙም ሳንቆይ የሆነ ነገር መሽተት ጀመረ። የተቃጠለ ጎማም አይደል፣ የተቃጠለ ፀጉርም አይደል፣ በመሀል ያለ ነገር። ከፊታችን የሚወርደው የጭነት መኪና መስሎኝ በእኔ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋሁ። ጋሼ ግን በእሳቸው በኩል ያለውን ከፈቱና አንገታቸውን ወጣ አድርገው አሸተቱ።

"ያንተ ፍሬን ነው" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ድንጋጤ የለም። "ስንተኛ ማርሽ ላይ ነህ?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። ራሱ ነው የሚቀይረው።"

"እንዴት እኔ እንጃ? የምትነዳው አንተ አይደለህም እንዴ?"

ይህንን ጽሑፍ ያመጣው ይቺ ጥያቄ ናት። በወቅቱ ግን መልስ አልነበረኝም። ዳር ይዤ አቆምኩ፤ ጋሼ ወርደው ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገቡ፤ እኔ የውሃ ጠርሙስ ይዤ ወደ ፊተኛው ጎማ ስጠጋ "እንዳታፈስበት! ብረቱ ይሰነጠቃል፤ ተወው በራሱ ይብረድ" ብለው ከለከሉኝ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ጭጋጉ ከበታቻችን ነበር።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። የትውልድ አገራቸው ቀየት ነው፤ ጠዋት የተነሳነውም ከዚያው ነው። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ግን በዚህ መንገድ ላይ ነው። ያ ፊያት ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይዘው ከአዲስ አበባ በደሴ አድርገው አሰብ ድረስ ይመላለሱ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተጀምሮ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ። ጣሊያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በቆፈረው በዚያ ዋሻ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለፉ እሳቸውም አያውቁትም። አውቶማቲክ መኪና ግን በሕይወታቸው ነድተው አያውቁም። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ ከአውቶማቲክ ሌላ ነድቼ አላውቅም። ያን ቀን የያዝነው ከጓደኛዬ የተዋስኩት ቪትዝ ነው።

ፍሬኑ እስኪበርድ ድረስ ጋሼ ወደ መኪናው ውስጥ አጎንብሰው የማርሹን ዘንግ መረመሩት። "ይቺ ዲ የምትባለው መሄጃዋ ናት። ይቺ ከታች ያለችውስ?"

"ኤል ናት። ዝቅተኛ ማለት መሰለኝ።"

"ከባድ ማርሽ ማለት ነዋ! ይኸው እዚሁ አስቀምጠውልህ የለም እንዴ?" ዘንጉን ትተው ወደ ቁልቁለቱ አዩ። "መኪናው ማርሽ መቀየር ይችላል፤ እሺ። ቁልቁለቱን ግን አያየውም። እሱን ማየት ያንተ ሥራ ነው።"

በኋላ አነበብኩት፤ ነገሩ ልክ እንደዚያው ነው። እንደ እኛ ቪትዝ ያለ የቆየ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያውቀው በዋናነት ሁለት ነገር ነው፦ መኪናው በምን ፍጥነት እየሄደ እንደሆነና እግርህ ነዳጁን ምን ያህል እንደረገጠው። ቁልቁለት ላይ እግርህን ከነዳጁ ላይ ታነሳለህ። ካምቢዮው ይህንን ሲያይ "ሰውዬው ሜዳ ላይ ነው፣ ዘና ብሏል" ብሎ ወደ ቀላሉ ማርሽ ይሄዳል። ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፤ ክብደቱ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ካምቢዮው አልተሳሳተም። በሚያውቀው ነገር ልክ ትክክለኛውን ውሳኔ ወስኗል። ያላወቀው ነገር ነው ሊገድለን የነበረው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የድራግ ሬስ ቪዲዮ ሱሰኛ ነኝ። ማታ ማታ ስልኬን ይዤ ተኝቼ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆመው፣ መብራት በርቶ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሲያልቅ አያለሁ። ጋሼ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው የጠየቁኝን ጥያቄ ያንን ስፖርት የሚመሩ ሰዎች ለሰባ ዓመት ያህል ሲከራከሩበት እንደኖሩ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ድራግ ሬስ የቀጥታ መንገድ ሽቅድምድም ነው። ኩርባ የለም። ሁለት መኪና፣ 402 ሜትር፣ በቃ። የእኛ አገር ሰው በፈረስ ቢያስበው ይቀለዋል፤ ሜዳ ላይ ሁለት ፈረሰኛ ሽምጥ ሲጋልብ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ስፖርቱን የሚመራው ናሽናል ሆት ሮድ አሶሴሽን እ.ኤ.አ. በ1951 ተመሠረተ። ከ1963 ጀምሮ መነሻው ላይ ያሉት መብራቶች በቁመታቸው ተደርድረው ስለሚበሩ "የገና ዛፍ" ይባላሉ፤ ቢጫው ሦስት ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ አረንጓዴ። ከአረንጓዴው ቀድመህ ከተነሳህ ቀይ ይበራል፣ ተሸነፍክ።

በዚህች አጭር መንገድ ላይ ሰው የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው። መነሳት አለ፤ ማርሽ መቀየር አለ፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ አለ። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ማሽን ከወሰደው ለሰው ምን ቀረ? የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ደንቦቹን ሳነብ የገረመኝ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ አለመስጠታቸው ነው። በየምድቡ የተለያየ መልስ ሰጡት።

ፕሮ ስቶክ የሚባለው ምድብ አለ፤ ከ1970 ጀምሮ ያለ። እዚያ አሽከርካሪው አምስት ማርሽ በገዛ እጁ ይቀይራል፤ ሩጫው በሙሉ ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ በየሰከንዱ አንዴ እጁ ወደ ዘንጉ ይሄዳል ማለት ነው። በሌላ በኩል ተራው ሰው የራሱን መኪና ይዞ የሚወዳደርባቸው ምድቦች አሉ፤ እዚያ አውቶማቲክ ካምቢዮ ንጉሥ ነው። ሼቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው ፓወርግላይድ የሚባል ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ አለ፤ ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የድራግ መንገድ ላይ ግን ዛሬም አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሰው እጅ አንዳንዴ ይዘገያል፤ እሱ አይዘገይም።

ግን እዩት አሁን። ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች አውቶማቲኩን ይገዙና ውስጡን ከፍተው ራሱ የሚቀይርበትን ነገር ያወጡታል። ፍሪሲዮን የለውም፣ ለስላሳ ነው፤ መቼ እንደሚቀይር ግን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ጉልበቱን ወሰዱ፣ ውሳኔውን አስቀሩ። ሌላው ደግሞ ሞተሩ ይህን ያህል ዙር ሲደርስ ማርሹ በአየር ግፊት እንዲቀየር ማታውኑ አስተካክሎት ይተኛል። ይህም በብዙ ምድቦች ይፈቀዳል።

ከዚያ የማዘግያ ሳጥን የሚባል ነገር አለ። አሽከርካሪው የመጀመሪያው ቢጫ ሲበራ ቁልፉን ይለቃል፤ ሳጥኑ ልክ የተነገረውን ያህል የሰከንድ ክፍልፋይ ጠብቆ መኪናውን ይለቀዋል። ሦስተኛውን ቢጫ በጭንቀት መጠበቅ ቀረ ማለት ነው። ይህ ፍትሐዊ ነው? አንዱ ወገን "ዓይኑ ያየው ራሱ ነው፣ ጣቱም የራሱ ነው" ይላል። ሌላው "መጠበቅ እኮ የጨዋታው ግማሽ ነው" ይላል። መልሱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ለያዩዋቸው። በብዙ የውድድር ሜዳዎች ሳጥን ያላቸው ለብቻ፣ የሌላቸው ለብቻ ይወዳደራሉ። ማንም ማንንም ሰነፍ ወይም ኋላ ቀር አይለውም፤ መባባሉ ባይቀርም ደንቡ አይለውም።

በነዚህ ምድቦች አንድ የምወደው ልማድ አለ። ተወዳዳሪው መኪናው መንገዱን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ቁጥሩንም መስታወቱ ላይ ይጽፈዋል። ዘገምተኛው ቀድሞ ይለቀቃል። ካስታወቅኸው በላይ ከፈጠንክ ደግሞ ልትሸነፍ ትችላለህ። እስቲ አስቡት፣ በፍጥነት ውድድር ላይ ከተናገርከው በላይ በመፍጠንህ መሸነፍ! እዚያ የሚፈተነው ፍጥነት አይደለም፤ ስለራስህ የጻፍከው እውነት መሆኑ ነው።

ሌላው ጫፍ ላይ ቶፕ ፊውል አለ። ከ11,000 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የሚገመት ሞተር፣ የሚቀየር ማርሽ የሌለው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ታዋቂ አሽከርካሪ፣ ስኮት ካሊታ፣ ከሞተ በኋላ የነዚህ መኪኖች መንገድ ወደ 305 ሜትር እንዲያጥር ተደርጓል። እዚያ ፍሪሲዮኑ በየደረጃው የሚይዘው በሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ሰው አይነካውም። ታዲያ ማሽን ይህን ያህል ከተፈቀደለት ምን ተከለከለ? ኮምፒውተሩ። ጎማው ሲንሸራተት በመሀል አይቶ የሚያስተካክል ነገር አይፈቀድም። ኮምፒውተር መኪናው ላይ አለ፤ መመዝገብ ይችላል፣ ማዘዝ ግን አይችልም።

እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ምክንያቱም መስመሩን ያሰመሩት በእጅና በማሽን መካከል አይደለም። ያሰመሩት ከመነሳትህ በፊት በሰጠኸው ትእዛዝና አንተ በሌለህበት በመሀል በሚሰጥ ፍርድ መካከል ነው። ቆጣሪው የሰው ፍርድ ነው፤ ሰውየው ትናንት መንገዱን ነክቶ፣ ሙቀቱን ለክቶ፣ "ነገ እንዲህ ይሁን" ያለው ነው። ከተሳሳተ የተሳሳተው እሱ ነው። የሚያይና የሚወስን ማሽን ግን ሲያሸንፍ ማን አሸነፈ? ሲሳሳትስ ማን ይጠየቃል?

ላጋንን አልፈልግም። ደንቦቹን የጻፉት ፈላስፎች አይደሉም። ወጪ እንዳይንር፣ ሀብታም ብቻ እንዳያሸንፍ፣ ሰው እንዳይሞት ብለው የጻፉት ብዙ ነገር አለ። ቢሆንም ሰዎች ለገንዘብና ለደኅንነት ብለው ያሰመሩት መስመር አንዳንዴ ካሰቡት በላይ እውነት ይይዛል።

እዚህ ጋ የሚቃወመኝን ሰው አውቀዋለሁ፤ አያቴ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። "የሚያይና የሚወስን ነገር ላይ ተቀምጦ መሄድ ነውር ከሆነ በቅሎስ?" ይሉኝ ነበር። እውነት ነው። በእኛ አገር ከመኪና በፊት አውቶማቲክ የነበረችው በቅሎ ናት። የመንዝና የመርሐ ቤቴ ደጋ በጀማና በወንጪት ሸለቆ የተቆራረጠ ነው፤ ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ሰጋር በቅሎ ሜዳው ላይ ስትሰግር በልጓም ትመራታለህ። አፋፉ ላይ ስትደርስ ግን ልጓሙን ላላ ታደርግላታለህ። እግሯን የት እንደምታሳርፍ እሷ ታውቃለች። በመሀል አይታ የምትወስነው እሷ ናት፤ ጋላቢው ዝም ይላል። ማንም ሰው ደግሞ ይህንን ስንፍና አላለውም፤ ጥበብ ነው ያለው።

በዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ልዩነቱ ይሄ ይመስለኛል፦ ገደሉ በቅሎዋንም ይገድላታል። ውሳኔውን የሰጠኻት ፍጡር ከአንተ እኩል መውደቅን ትፈራለች። የቪትዙ ካምቢዮ ግን ደብረ ሲናን ብንደርስም ባንደርስም ግድ የለውም። ግድ ለሌለው ነገር ሥራ መስጠት ይቻላል፣ ጉልበት ማዋስ ይቻላል። ግዱን ግን አብረህ ልትሰጠው አትችልም፤ የሚቀበልበት እጅ የለውም። መንገድ ላይ ይወድቃል።

ይህንን ሁሉ የማወራው ስለ መኪና ብቻ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ።

ያን ቀን የምንሄደው ሸዋ ሮቢት ለቅሶ ልንደርስ ነበር። የሞቱት የጋሼ የድሮ ረዳት ናቸው፤ ኤንትሬው ላይ ስንት ዓመት አብረዋቸው የሠሩ። እኔ ልጅ እያለሁ ወደ ቀየት ሲመጡ ከቆላ ማንጎ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር፤ በውርጭ አገር ማንጎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መንዝ ያደገ ያውቀዋል። መርዶውን የሰማሁት አዲስ አበባ ሆኜ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ለልጃቸው የማጽናኛ መልእክት መላክ ነበረብኝ፤ ቃል አጣሁ። ስልኬ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት "አባቷን ላጣች ሴት ጥሩ የማጽናኛ ጽሑፍ ጻፍልኝ" አልኩት። በአምስት ሰከንድ ጻፈልኝ። ያማረ ነበር። ሳላነበው ነው የላክሁት ብል ይቀልልኛል፤ አንብቤው ነው የላክሁት።

ከሰዓት በኋላ፣ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለን ወርደን ሸዋ ሮቢት ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ልጃቸው አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። "ይቺን መልእክትህን ለሰው ሁሉ አነበብኩላቸው" አለችኝ። "አባዬን እንደዚህ ትወደው እንደነበር አላውቅም ነበር።"

ምን እላለሁ? ዝም አልኩ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው በኩራት አዩኝ። መልእክቱ ውስጥ ስለ ትልቅ ዛፍ መውደቅና ስለማይጠፋ ብርሃን ተጽፎ ነበር። ስለ ማንጎ ምንም አልነበረም።

ማታ ሲመሽ ውጪ ቆመን ለጋሼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። "ማለት... ማሽኑ ነው የጻፈው?" አሉ። "አዎ።" ትንሽ ቆዩና "ደብዳቤ ጸሐፊም ድሮ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ከፍሎ ያስጽፍ ነበር" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ መሆኑ ገባኝ። "መጥተህ የለም እንዴ? ዋናው መምጣትህ ነው።"

ደግ ሰው ናቸው። ግን በዚህ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ደብዳቤ የሚያስጽፈው ሰው ጸሐፊው ፊት ቁጭ ብሎ "እንዲህ በልልኝ" ይላል፤ የሚለው ነገር አለው። አንባቢውም በሌላ እጅ እንደተጻፈ ያውቃል። የድራግ ሬሱ ሰው ቁጥሩን መስታወቱ ላይ ጽፏል። እኔ ምን ላይ ጻፍኩ? ጥፋቴ በማሽን መጻፌ አይመስለኝም። ጥፋቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከመነሳቴ በፊት የሰጠሁት ምንም ነገር አልነበረም፤ ማንጎውን እንኳ አልነገርኩትም። ሁለተኛ፣ እሷ በእጅ የሚቀይር ሰው ምድብ ውስጥ ያለሁ መስሏት ነው ያለቀሰችው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህንን ስነግራቸው "ታዲያ ዘመኑ እኮ ነው፣ ማርሽ ራሱ ሊጠፋ ነው" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላች ነው። አብዛኞቹ የሚቀየር ማርሽ የላቸውም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ግሩም ነገር ነው። ግን አንድ ነገር አለ፦ ተራራው አናት ላይ ባትሪህን ሙሉ በሙሉ ሞልተህ ከተነሳህ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ያ መያዝ ይደክማል። ስለዚህ ጣርማ በር ላይ የሚያድር ሰው ማታ ቻርጀር ሲሰካ ስለ ነገ ቁልቁለት ማሰብ አለበት። ማርሹ ጠፋ፤ የጋሼ ጥያቄ አልጠፋም።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ለልጃቸው ሁለተኛ መልእክት ላክሁ። በገዛ እጄ። ሁለት መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አንድ ቦታም ፊደል ሳትኩ። የመጀመሪያውን የጻፍኩት እኔ እንዳልሆንኩ ነገርኳት። ከዚያ ስለ ማንጎው ጻፍኩ፤ ከካፖርታቸው ኪስ እንዴት እንደሚያወጡት፣ ቅርፊቱን በጥርሳቸው እንዴት እንደሚልጡልኝ።

ሁለት ቀን መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን ደወለች። አልተቆጣችም፤ ስለ መጀመሪያው መልእክት አንድም ቃል አላነሳችም።

"ቆይ፣ ማንጎ?" አለችኝ። "እኛን ሆዳችሁን ያማችኋል እያለ ከልክሎን አልነበር እንዴ! ላንተ ተሸክሞልህ ነበር የሚመጣው?" ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ድምፅዋ ተቀየረ፤ ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን፤ ስልኩን ግን ማናችንም አልዘጋነውም።